እምዬ ሐዋ መካ ሳትገባ የቀረችበት ዓመት

ባለፈው ሳምንት ከአገር ቤት የተመለሰች የእማዬ የሥራ ባልደረባ አንድ ፌስታል አቀበለችኝና ወጥ ቤት ገብቼ ቋጠሮውን ብፈታው የበሶ ሽታ፣ ያ የተቆላ ገብስ ሽታ፣ ፊቴ ላይ ቡን አለብኝ። ሰው በሶ ሸቶት ይናደዳል ወይ አትበሉኝ፤ እኔ ተናደድኩ። ቋጠሮውን መልሼ አጥብቄ አሰርኩና ከላይኛው መደርደሪያ፣ ከድስቶቹ ኋላ ወሸቅኩት፤ እማዬ ከሳሎን ሆና “በጥብጠሽ አምጪልኝ እንጂ” ስትለኝም “ሽሮ ነው እንጂ በሶ የለውም” ብዬ ዋሸኋት። ምን ላድርግ? ይኸው ስንት ዓመት አለፈ፣ እኔም አድጌ ሥራ ይዤ ከእናቴ ጋር ስለ ኪራይ የምከራከር ሰው ሆኛለሁ፣ ግን በሶ በሸተተኝ ቁጥር ያ ረመዳን ተመልሶ ይመጣብኛል። ያኔ ለመካ መንገድ የተዘጋጀ ሙሉ ጆንያ በሶ ዶሃ ላይ ቁጭ ብለን በልተን ጨርሰናል።

እምዬ ሐዋ የአባዬ እናት ናት። ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ካለ የገጠር መንደር ያመጣናት እኔ አሥራ አራት ዓመቴ ላይ ሳለሁ ነው። አባዬ የአሳንሰር መሐንዲስ፣ እማዬ ነርስ ነበሩ፤ የምንኖረው ኳታር፣ ዶሃ፣ አል አዚዚያ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ መጀመሪያ ለአንድ ባለጸጋ ቤተሰብ ተሠርቶ ኋላ በቺፑድ ለስድስት አባወራ በተሸነሸነ ቪላ ውስጥ ነበር። ለእኛ የደረሰን የድሮው የእንግዳ መቀበያ ስለነበር ጣሪያችን ወርቅማ ጌጥ የተሰካበት፣ ወጥ ቤታችን ግን አንዱ ሲገባ ሌላው መውጣት ያለበት ጥበት ነው፤ እምዬ ቀና ብላ እያየች “ቤቱን ከላይ ሠርተው ከታች ረሱት” ትል ነበር። ኢቃማዋን፣ የመኖሪያ ፈቃዷን፣ ለማውጣት አባዬ ስንት ቀን እንደተንከራተተ አልረሳውም፤ የአሻራ ማሽኑ ዕድሜ ልኩን አረም ሲያርም የኖረ ጣቷን አላነብ ብሎ አሻራ የምትወስደው ልጅ በእርጥብ ሶፍት እየጠረገች ደጋግማ ስትሞክር፣ እምዬ በአማርኛ “ተይው ልጄ፣ አሻራዬ ማሳው ላይ ቀርቷል” አለቻት። ልጅቷ ምኑም ሳይገባት ሳቀች።

እምዬ የመጣችው ዶሃን ልታይ አልነበረም። ፎቁም ባሕሩም አልደነቃትም፤ የፈለገችው ዑምራን፣ ትንሹን ሐጅ ነው። አባዬ ከዚህ በአውቶቡስ ተሳፍረው ከሄዱ በማግስቱ መካ እንደሚገባ ሲነግራት አየት አደረገችውና “በአውቶቡስ? ታዲያ እናንተ እዚህ ተቀምጣችሁ ምን ትሠራላችሁ?” አለችው። ባሏ በሕይወት ሳለ ሁለቱም አብረው ሊሄዱ የተማማሉበትን መንገድ እሱ ሳያየው ሞቷል፤ ጉልበቷ ደግሞ ከዓመት ዓመት እየከዳት ነበር። አባዬ አራታችንም አብረን እንድንሄድ ወሰነና ምእመናንን በአውቶቡስ የሚወስድ አንድ ቢሮ ጋ አስመዘገበን።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ቤት መሆኑ ቀረ። ሱቅ ዋቂፍ የሚባለው ገበያ ሄደን ነጭ ልብስ ስንገዛ እሷ በአማርኛ፣ ፓኪስታናዊው ባለሱቅ በኡርዱ ተሟግተው ተሟግተው በመጨረሻ እሱ ተሸንፎ አንድ መቁጠሪያ መረቀላት። የመንገድ ምግብ አላምንም ብላ ከአገር ቤት ያስመጣችውን ገብስ በዚያች ጠባብ ወጥ ቤት ስትቆላ ጭሱ ግቢውን ሞላውና ሱዳናዊቷ ጎረቤታችን ቤታችሁ ተቃጠለ ወይ ብላ ሻሽ እንኳ ሳታስር እየሮጠች መጣች፤ ስትፈጨው ደግሞ የእማዬ የጁስ መፍጫ ሞተሩ ነደደ። እኔም ብሆን አርፌ አልተቀመጥኩም። ትምህርት ቤት ውስጥ መካ ልሄድ ነው ብዬ ያልነገርኩት ሰው አልነበረም፤ ልጆቹ ዱዓ እንዳደርግላቸው ደብተሬ ላይ ያስመዘግቡኝ ነበር፣ አንዷማ ሒሳብ ብቻ ሳይሆን የሒሳብ አስተማሪዋ እንዲቀየርላት ጭምር። ያኔ የኮራሁትን ኩራት ኋላ ከነወለዱ ከፈልኩት፤ በየሳምንቱ “ገና አልሄዳችሁም?” የሚሉኝን ለመሸሽ መጸዳጃ ቤት የተደበቅኩባቸው ዕረፍቶች ነበሩ።

ነገሩ የተበላሸው በአፉታ ነው። በእኛ ወግ መካ የሚሄድ ሰው ሻንጣውን ከማሰሩ በፊት የበደለውን ሰው ሁሉ “አፉ በሉኝ” እያለ ይዞራል፤ የሰው ቂም አንገቱ ላይ ይዞ ከካዕባ ፊት መቆም ያሳፍራል ይባላል። አብዛኛው ሰው ይህንን ለወጉ ያህል ያደርገዋል፤ ይሳሳቃል፣ ይመራረቃል፣ ይሄዳል። እምዬ ግን ለወጉ ያህል የሚባል ነገር አታውቅም። የአገር ቤት ጎረቤቶቿን በስልክ አንድ በአንድ አፉ አስባለች፤ እኔን ሳይቀር “ፀጉርሽን ስሠራሽ አጥብቄ ጎትቼሻለሁ” ብላ አስቀምጣ ይቅርታ ጠየቀችኝ። የቀረቻት አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፣ ከወንዝ ማዶ የምትኖረው ታናሽ እህቷ ከዲጃ።

ከሁለት ዓመት በፊት የከዲጃ አንድ ልጅ ረውዳ ለቤት ሠራተኝነት ኩዌት ልትሄድ ስትነሳ እምዬ አትሄድም ብላ ሞግታ፣ አልሆን ሲላት በሽኝቱ ቀን ሰው በተሰበሰበበት “ልጅሽን ለዓረብ ሸጥሻት!” አለቻት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ከዲጃ ፊቷን አዙራ ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ ሁለቱ እህቶች ለቅሶ ላይ እንኳ ተራርቀው ነበር የሚቀመጡት። እምዬ ወደ እኛ ስትመጣም ፊት ለፊት ማየቱን አፍራ፣ ዶሃ ከገባሁ በኋላ በስልክ እለዋለሁ ብላ ሳትሰናበታት ወጣች። “ይኸው እኔም የዓረብ ሩዝ እየበላሁ ነው፤ እሷን በሰደብኩበት አፍ” ትላለች፣ ማንኪያውን ታስቀምጥና።

መደወሉ የእኔ ሥራ ሆነ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን ሳላወርድ እምዬ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ከዲጃ የምታያት ይመስል ሻሿን አስተካክላ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ ትጠብቀኛለች። እደውላለሁ፤ ይጠራል፣ ይጠራል፣ ይቆማል። “ጠራ?” ጠራ። “ታዲያ?” አልተነሳም። “አንዴ ድገሚው።” እደግማለሁ። አንዳንድ ቀን ገና ሁለቴ ሲጠራ ጥርቅም ተደርጎ ይዘጋብናል፤ ያን ቀን እምዬ እራት አትበላም። “እኔ እንደሆንኩ አውቃ ነው” ትላለች፤ “እውነቷን ነው፣ እኔ ብሆንም አላነሳም።” ቁጥሩን በቃሌ ያዝኩት፤ የራሴን ስልክ ቁጥር እንኳ እንደዚያ አላውቀውም ነበር። እና ወላሂ እላችኋለሁ፣ ያንን የጥሪ ድምፅ ከመጥላቴ የተነሳ እቴ ከዲጃን ሳላውቃት ጠላኋት። ምናለ አንዴ ብታነሳው! አፉ አልልሽም ትበላትና ይለይለት!

አባዬ በጎረቤት ስልክ ላገናኝሽ ቢላት “ገመናዬን በጎረቤት ጆሮ አላፈስም” አለችው፤ ሰው እልካለሁ ቢላት “ከአፌ የወጣ በአፌ ነው የሚመለስ” አለችው። እማዬ፣ ምራት ናትና በእርጋታ፣ መስጂድ ወስዳ ሼኹን አስጠየቀቻት፤ እሳቸውም መጠየቁ መልካም እንደሆነ፣ ከሞከሩ በኋላ ግን አላህ ልብን እንደሚያይና መንገዱን መተው እንደሌለባት አስረዷት። እምዬ አንገቷን አቀርቅራ አዳመጠች፣ ከሩቅ መረቀቻቸው፣ ውጭ ስንወጣ “ደግ ሰው ናቸው፤ የእህት ነገር ግን አያውቁም” አለች። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ! በረጀብ ወር የያዝነው አውቶቡስ ሊነሳ አንድ ቀን ሲቀረው አልሄድም አለች። በሻዕባን፣ ከረመዳን በፊት ባለው ወር፣ የያዝነውም እንዲሁ፣ እኔ ሻንጣው ላይ ተቀምጬ ዚፑን እየዘጋሁ ሳለ። ለአባዬ ፈረቃ ተለዋውጦለት የነበረው ከኬረላ የመጣ ሕንዳዊ ባልደረባው፣ አባዬ ሁለተኛ ጊዜ ሳይሄድ ሲመለስበት፣ “ወንድሜ፣ እናትህ ናት ወይስ አንተ ነህ መካን የምትፈራው?” ብሎ ሲያፌዝበት ሰምቻለሁ፤ አባዬ ቤት ገብቶ ጫማውን ሲያወልቅ አንዱ ጫማ ግድግዳ ላይ አረፈ።

ረመዳን ገባ። አባዬ ሦስተኛ ጊዜ አስመዘገበን፣ ለሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ። እምዬ “ኢንሻአላህ፣ ከዲጃ ብቻ ታንሳው” ስትል፣ ያ ረጋ ያለ አባቴ፣ እናቱ ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው፣ ፈነዳ። “ኸላስ! ቂብላሽ ከዲጃ ሆናለች እኮ፣ ወደ እሷ ነው የምትሰግጂው! አንቺ መካ መሄድ አትፈልጊም፣ አትፈልጊም በቃ!” አለና ራሱ ባለው ደንግጦ ቆመ። እምዬ ግን አልተቆጣችም፤ መቁጠሪያዋን ጉልበቷ ላይ ሰብሰብ አድርጋ “ሐሙስ ነው ያልከው? እሺ። አላህ ካልተቀበለኝ ከደጁ ይመልሰኝ” አለች። እኔ ተነስቼ ሳምኳት። አባዬ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ውሃውን ከፍቶ ብዙ ቆየ።

ሰኞ ጠዋት ጎረቤት አገሮች ከኳታር ጋር ግንኙነት አቋረጡ ተባለ። ወደ መካ የሚወስደው አንድ የመኪና መንገድ ብቻ ነበር፤ እሱም ተዘጋ። ሐሙስ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር! ከአውቶቡሱ ቢሮ ደውለው የሐሙሱ ጉዞ የለም፣ መቼ እንደሚኖርም አናውቅም አሉን። እማዬ እኔንና እምዬን ይዛ ገበያ ስትሄድ ሰዉ ወተትና ዶሮ በጋሪ እየቆለለ ይራኮታል፤ ባዶ መደርደሪያ ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት። እምዬ ግርግሩን አይታ “ጦርነት ነው?” አለችኝ። አይደለም እምዬ፣ መንገድ ተዘግቶ ነው አልኳት። “የየት መንገድ?” የመካ። እዚያው የሩዝ ከረጢት ላይ ተቀመጠችና “ከዲጃ ናት የዘጋችው” አለች።

ይህንን ነው እስከ ዛሬ የማልችለው። መንግሥታት ተጣሉ፣ አውሮፕላን ቆመ፣ ቴሌቪዥኑ ቀኑን ሙሉ ካርታ ያሳያል፣ አያቴ ግን አገር ከአገር የተጣላው በእኔ ምላስ ነው ብላ አመነች። ካርታውን እያሳየሁ፣ የአገሮቹን ስም እየጠራሁ ላስረዳት ሞከርኩ፤ አዳምጣኝ ስታበቃ “አንቺ ትምህርቱን ታውቂያለሽ፤ እኔ ደግሞ ያጠፋሁትን አውቃለሁ” አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደውዪልኝ ማለቷን ተወች። እኔም እፎይ አልኩ፤ ይህንን ስጽፍ አፍራለሁ፣ ግን እፎይ ብያለሁ። በየማፍጠሪያው በሶውን በጥብጣ በየብርጭቋችን ትቀዳልናለች፣ እኛም አንገታችንን ደፍተን እንጠጣለን። አባዬ በሌላ አገር በኩል ዞሮ መሄድ ይቻል እንደሆነ ያልጠየቀው ቢሮ አልነበረም፤ ሁሉም የሚሉት ቆይ፣ ጠብቅ፣ ኢንሻአላህ ነበር። ዒዱ አለፈ፣ ሙቀቱ ባሰ፣ እምዬ አገሬን አለች።

ነሐሴ ላይ አባዬና እኔ ይዘናት ገባን። መኪናው እስከሚደርስበት ደርሰን ወርደን ስንሄድ ከቤቷ ደጅ አንዲት ቀጭን ሴትዮ ቆማ አየን፤ እቴ ከዲጃ ናት፣ መምጣታችንን ሰምታ ወንዙን ተሻግራ ቤቱን ስትጠርግ አርፍዳለች። እምዬ በትሯን ጥላ፣ ሰላምታ እንኳ ሳትጨርስ፣ “ከዲጃ፣ አፉ በይኝ። በዚህ አፌ የበደልኩሽን አፉ በይኝ። ስንት ወር ሙሉ አስደወልኩልሽ፣ አላነሳ አልሽ” አለቻት።

እቴ ከዲጃ ግራ ተጋብታ “መቼ ነው የደወልሽው?” አለች።

“ከረጀብ እስከ ረመዳን። ይቺ ልጅ ትመስክር፣ በየቀኑ!”

ሴትዮዋ ቀስ ብላ መደቡ ላይ ተቀመጠች። “ያ ረጅሙ ቁጥር... አንቺ ነበርሽ?”

ረውዳ ከኩዌት የምትደውለው በየጁምዓው፣ በጎረቤት ልጅ ስልክ፣ በምስል ነበር ለካ። እቴ ከዲጃ ቁጥር ማንበብ አትችልም፤ ግን የአገር ቤት ቁጥር አጭር፣ የውጭው ረጅም እንደሆነ በዓይኗ ለይታለች። በዚያ ዓመት ደግሞ የአንዲት ጎረቤቷ ልጅ ዓረብ አገር ሞታ መርዶው የመጣው እንደዚህ ባለ ረጅም ቁጥር ነው። ስለዚህ በራሷ ስልክ ረጅም ቁጥር ሲጮህ ረውዳ ሞተች ሊሏት መስሏት ጎታው ውስጥ፣ እህሉ መሐል ትቀብረዋለች፤ አንዳንዴ ትዘጋዋለች። “እህሉ ውስጥ ሆኖ ሲጮህ ጆሮዬን ይዤ እቀራ ነበር” አለች። “በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጄን ቀበርኳት፣ እስከ ጁምዓ። ጁምዓ ፊቷን ሳይ ደግሞ ትነሳልኛለች።” ዘጠኝ ሰዓት እኔ ከትምህርት ቤት የምመለስበት ሰዓት ነው። እምዬ ድምፅዋ ተሰብሮ “ያን ቃልስ?” አለቻት፣ “በሽኝቱ ቀን ያልኩሽን?” እቴ ከዲጃ እጇን አወናጨፈች፤ “እሱንማ ረውዳ በገባች ሰሞን አፉ ብዬሻለሁ። ለእኔም እኮ የሸጥኳት መስሎኝ ነበር።”

እምዬ “እንግዲያ ስለ ስልኩም አፉ በይኝ” ብላ አቀፈቻት፤ ሁለቱ አሮጊቶች ተቃቅፈው ያለቅሳሉ፣ መልሰው ይስቃሉ፣ ደግሞ ያለቅሳሉ። እኔ አልሳቅኩም፤ ማልቀስም አልመጣልኝም። ሁለት አውቶቡስ ባዶ ወንበራችንን ይዞ ሄዷል፣ የጠየቅነው ይቅርታ ከተሰጠን ሁለት ዓመት ሆኖታል፣ እኔ ደግሞ በገዛ ጣቴ አንዲት እናት በየቀኑ ሳስደነግጥ ከርሜያለሁ። ማንን ልቆጣ? የሚቆጡት ሰው ማጣት ከንዴት ሁሉ የከፋ ንዴት ነው። አባዬ ከቤቱ ኋላ ሄዶ ቆሞ ነበር፤ ትከሻውን አይቼ ሳልጠራው ተመለስኩ።

መንገዱ ኋላ ተከፈተ። አሁን ሐሙስ ሐሙስ ሰው በነጭ ልብስ አውቶቡስ ውስጥ ሲገባ አያለሁ፤ ማታ ተነስቶ በማግስቱ መካ ነው፣ እንዲያ ቅርብ ነበረች። አባዬ ግን እስከ ዛሬ አልተመዘገበም። እማዬ ስትጎተጉተው “ቂብላሽ ከዲጃ ሆነች ያልኳትን ማን አፉ ይለኛል?” ይላታል፤ እንደ እናቱ እሱም ለወጉ ያህል የሚባለውን አያውቅም። አገር ቤት እናቱን ስንሰናበት አፉታ ሊጠይቃት ነበር፤ ሰው መሐል አፈረና በስልክ እለዋለሁ አለ።

አገር ቤት ካደረስናት በዓመቱ፣ እምዬን ከአገር ቤት በኩል እንድትሄድ ፓስፖርቷን እያሳደስን ሳለ፣ አንድ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ የአባዬ ስልክ ሶፋው ላይ ጮኸ። ቁጥሩን ከወዲህ ለየሁት፤ እቴ ከዲጃ ናት። እሷ ደግሞ ደውላልን አታውቅም። አባዬ እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው። አንሳው እንጂ አባዬ አልኩት።

“ቆይ” አለኝ። “እስካላነሳሁት ድረስ እናቴ አለች።”

ጠርቶ ጠርቶ ቆመ። ወዲያው እንደገና ጀመረ። አባዬ የሶፋውን ትራስ አንስቶ ላዩ ላይ ጫነበት፤ ከሥሩ ሆኖም ይሰማ ነበር። ሦስተኛው ላይ እማዬ ከመኝታ ቤት ወጣች፣ እሱን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ትራሱን አነሳችና “አቤት፣ እቴ ከዲጃ” አለች።